ጳጉሜን የማያውቅ ኮምፒዩተር

ንግግር እንዳደርግ ስጋበዝ ብዙ ጊዜ የምጀምረው በስልክ አጭር መልእክት ነው። ታዳሚው ስልኩን እንዲያወጣ አደርግና «በላቲን ፊደል ስትጽፉ አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። በአማርኛ ስትጽፉ ግን 70 ላይ ይሞላና የቀረው ሁለተኛ መልእክት ሆኖ ይቆጠራል። ለምን ይመስላችኋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ቴሌ ነዋ!» ማለቱ አይቀርም፤ ይሳቃል። በዚህ ጉዳይ ግን ቴሌ እጁ የለበትም። የሞባይል ስልክ ሥርዓት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አውሮፓ ውስጥ ሲነደፍ አንድ መልእክት ከ140 ባይት እንዳይበልጥ ተወሰነ። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚጻፍ 160 ይገባል። የእኛ ፊደል ግን በዚያ ጠባብ ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ ስላልተሰጠው እያንዳንዱ 16 ቢት፣ ማለትም ሁለት ባይት ይወስዳል። 140ን ለሁለት ማካፈል ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ይህን የማነሳው ለማስገረም ብቻ አይደለም። ስለ ሶፍትዌር ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አንድ ቁም ነገር ይጨብጣል፦ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ የሆነ ሰው፣ የሆነ ቦታ ተቀምጦ ወስኖታል። ሲወሰን ያልነበረ፣ ወይም ኖሮ ያልተናገረ፣ ከሠንጠረዡ ውጭ ይቀራል።

እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ላሊበላ ተወልጄ አድጌ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ አሁን አዲስ አበባ ለባንኮችና ለክፍያ አገልግሎቶች ሶፍትዌር ከሚሠሩ ቡድኖች ጋር እውላለሁ። አገሬ ስገባ ይህን ማስረዳት አይቀናኝም። ለእናቴ ጎረቤቶች «ኮምፒዩተር ሠሪ» ነኝ፤ የተበላሸ ስልክና የቴሌቪዥን ሪሞት ይዞ የሚመጣው ብዙ ነው። አንዳንዱን እሠራዋለሁም።

ሥራው በእውነት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሰው እንደሚያስበው ቀኑን ሙሉ ኮድ ሲጽፍ የሚውል የለም። አብዛኛው ሰዓት የሚያልቀው ሌላ ሰው የጻፈውን በማንበብ፣ «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ በመጠየቅና መልሱን ለሦስተኛ ሰው በማስረዳት ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ላሊበላ ባለችበት በላስታ፣ ሹምሸሃ ያለ ገበሬ ወልዲያ ለምትማር ልጁ በስልኩ ብር ላከ እንበል። «ላክ» የሚለውን ሲጫን መልእክቱ ሰርቨር ይደርሳል፣ ከሒሳቡ ብሩ ይቀነሳል፤ «ተልኳል» የሚለው መልስ ግን ሳይመለስ ኔትወርኩ ይጠፋል። ላስታ ውስጥ ኔትወርክ መጥፋት ዜና አይደለም። ገበሬው ስልኩ ላይ ምንም ስላላየ እንደገና ይጫናል። ሶፍትዌሩ በግዴለሽነት የተሠራ ከሆነ ብሩ ሁለት ጊዜ ተቀነሰ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ቢሆንም ቀድሞ ካላሰቡበት አይመጣም፦ ስልኩ ለእያንዳንዱ ዝውውር የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ ሰርቨሩ ያንኑ ቁጥር ደግሞ ካየ ብር ከመቀነስ ይልቅ የቀድሞውን መልስ ይደግማል። ይህ እንዲሠራ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አንድ ሰው ተነሥቶ ስለ ሹምሸሃ ኔትወርክ መናገር አለበት። ቦሌ ተቀምጦ ፕሮግራሙን የሚሞክር ሰው ዘንድ ችግሩ ፈጽሞ አይታይም።

እንዲህ ተነሥቶ መናገርን የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይደለም። ልጅ ሳለሁ ላሊበላ ላይ ጫማ እጠብቅ ነበር። ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ የሚገባ እንግዳ ጫማውን ደጅ ላይ ያወልቃል፤ እኛ ልጆቹ እንጠብቃለን። እግረ መንገዳችንን አስጎብኚዎቹ የሚሉትን በየቀኑ እየሰማን በቃላችን እንይዘዋለን። ደካማው አስጎብኚ ቤተ መድኃኔ ዓለም ፊት ቆሞ ቁጥር ይደረድራል፦ ርዝመቱ 33 ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ 23 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ 11 ሜትር ተኩል። እንግዳው ራሱን ይነቀንቅና ካሜራውን ያወጣል። ጎበዙ ግን ዝም ብሎ ይቆይና ይጠይቃል፦ «ይህን ሥራ ብትባል ከየት ትጀምራለህ?» እንግዳው «ከመሠረቱ» ይላል። «ከጣሪያው ነው የተጀመረው» ይለዋል አስጎብኚው። ሰውየው ቀና ብሎ ጣሪያውን፣ ዞር ብሎ በዙሪያው የቆመውን የተፈለፈለ አለት ሲያይ ቁጥሩ ራሱ ትርጉም ያገኛል። ከዚያ በኋላ 11 ሜትር ተኩሉን ቢነግረው አይረሳውም።

በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚህ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ሲጽፍ ቆይቶ፣ ከዚህ በላይ ብጨምር የሚያምነኝ የለም በሚል ስጋት እንዳቆመ አስጎብኚዎቻችን ደጋግመው ይናገራሉ። ይወዱታል። እኔ ግን እንደ ተናጋሪ ሳስበው አልቫሬዝ ትንሽ ቸኩሏል እላለሁ።

ከላሊበላ የመጣ መሐንዲስ ሲናገር ሰው ሁሉ ቤተ ጊዮርጊስን ከሶፍትዌር ጋር እንዲያነጻጽርለት ይጠብቃል። አላደርገውም። ያለቀ ድንጋይ አይመለስም፤ የእኛ ሥራ ደግሞ በየሳምንቱ ይፈርሳል፣ ይሠራል። ከሥራዬ ጋር በእርግጥ የሚመሳሰለው ሌላ ነው፤ እሱም ቅኔ ቤት ነው። ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሟ የሚነሣው ዋድላ ለላስታ ቅርብ ናት፤ አጎቴ መሪጌታ ከዚያው ነው የተማሩት። ክረምት ክረምት እሳቸው ዘንድ ከተማሪዎቻቸው ጋር እቀመጥ ነበር። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ አብነቱን ሰምቶ ለብቻው ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ይዞ ይመጣና ጓደኞቹ ባሉበት ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ እዚያው ያርማሉ፦ እዚህ ላይ ግሱ አልሄደም፣ ቤት መድፊያው ሰነከለ፣ ሰሙ አለ ወርቁ የታለ። ሶፍትዌር ቤት ውስጥም ማንም የጻፈውን ኮድ ባልደረባው ሳያየው አያስገባም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የመጣ ወጣት ኮዱ ሲታረምበት ፊቱ ሲለዋወጥ አያለሁ፤ ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ግን እርማትን እንደ ስድብ አይቆጥርም።

ከሁለት መስመሩ ጉባኤ ቃና ብዙም አልራቅኩም፤ መወድስ ላይ አልደረስኩም። እስከ ዛሬ ግን ማታ ማታ እቆጥራለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ አንዳንዱ ጊታር ይጫወታል፣ አንዱ ፎቶ ያነሣል፤ የእኔ ዛፍና ገደል የሌለበት ቅኔ ነው። ለሥራህ ይጠቅምሃል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ባይጠቅምም አልተወውም ነበር።

ከአጎቴ የወሰድኩት ትልቁ ሀብት ግን ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት ስሌት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ የማወራው ስለ ኮምፒዩተር ነውና።

የ2016ን ፋሲካ እንፈልግ። 5500 ዓመተ ፍዳን በ2016 ላይ ስትደምሩ ዓመተ ዓለሙ 7516 ይሆናል። ለአራት ሲካፈል ቀሪ የለውም፤ ስለዚህ ዘመኑ ዮሐንስ ነው። 7516ን ለ19 ስታካፍሉ 11 ይቀራል፤ አንዱን ለዘመን ትታችሁ ወንበሩ 10 ይሆናል። ወንበሩን በ11 አባዝታችሁ በ30 ስትገድፉት 110 ወደ 20 ይወርዳል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩን በ19 አባዝታችሁ በ30 ስትገድፉት 190 ወደ 10 ይወርዳል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ስላነሰ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 10 ይውላል። ያ ቀን ቅዳሜ ነበር፤ የቅዳሜ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 8 ነው፤ 10 እና 8 ተደምረው 18፣ ጾመ ነነዌ የካቲት 18 ሰኞ ገባች። የፋሲካ ተውሳክ 9 ነው፤ 18 እና 9 ተደምረው 27፣ ወሩ ከየካቲት ሁለት ወር ወደፊት ነው። ሚያዝያ 27። በዚያ ዓመት ዶሮ ያረደ ሁሉ ምስክር ነው።

መሪጌታ ይህን ሲያስተምሩኝ አንድ ነገር ይደጋግሙ ነበር፦ «አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሆኑ ተሳስተሃልና ወደ ኋላ ተመለስ።» ከላይ ያለውን እዩት፤ 20 እና 10። ይህ ለሶፍትዌር ሰው ወርቅ ነው። እኛ «ቴስት» የምንለው ይህንኑ ነው፦ መልሱን ሳታውቅም ቢሆን መልሱ ትክክል መሆኑን የምትፈትንበት ሕግ። ባሕረ ሐሳብን በኮድ ስጽፍ መጀመሪያ ያስገባሁት ያንን ፈተና ነበር። የሚያስደንቀው ደግሞ ይህ ነው፦ በ2006 ዓመተ ዓለሙ 7506 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 1 ይቀርና ወንበሩ አልቦ፣ ማለትም ዜሮ ይሆናል። ዜሮን በምንም ቢያባዙት ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ማሽኑ ብቻውን ከተተወ አበቅቴም ዜሮ መጥቅዕም ዜሮ ብሎ ያርፋል። ፈተናው ግን ድምሩ 30 አልሆነም ብሎ ይጮኻል። ሊቃውንቱ ይህን ከኮምፒዩተር በፊት ዘግተውታል፦ ወንበር አልቦ ሲሆን አበቅቴ አልቦ፣ መጥቅዕ 30 ነው። ንግግር ሳደርግ ጥቁር ሰሌዳ ካገኘሁ ይህን እሠራዋለሁ። አንድ ጊዜ ላስታ ውስጥ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ መብራት ሄዶ ፕሮጀክተሩ ሲጠፋ ያዳነኝ ይኸው ነው፤ ልጆቹ ስላይዱን አልጠየቁም፣ «የዘንድሮውን እንሥራ» ብለው ጠመኔውን ተቀበሉኝ።

የዘመን አቆጣጠራችን ነገር ከተነሣ ርዕሱ ላይ ወዳለችው ጳጉሜ ልምጣ። ኮምፒዩተር ቀንን የሚያስቀምጠው በወር ስም አይደለም፤ ከአንድ መነሻ ወዲህ ያለፈውን ጊዜ ቆጥሮ ነው። ብዙዎቹ ሥርዓቶች የሚነሡት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ቁጥሩን ወደ ወርና ቀን መቀየር የሚመጣው ለሰው ሲታይ ብቻ ነው። ስለዚህ አሥራ ሦስት ወር መኖሩ ለማሽኑ ችግር አይደለም፤ ችግሩ ቅጹን የሚሠራው ሰው ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ያሠራው ቅጽ የትውልድ ወር ዝርዝሩ 12 ላይ ያበቃ ነበር። ጳጉሜ 3 የተወለደች ሴትዮ ወሯን ፈልጋ አጣች፤ ጸሐፊው «መስከረም 1 በይው፣ ያው ነው» አላት። ያው አይደለም፤ ዓመቱም ይለወጣል። ጳጉሜ 3 ሴፕቴምበር 8 ናት፤ ለመቀየር የሚያስቸግር ነገር የለባትም። እንዲህ ያለውን ስናገር ሰው ይስቃል፤ መታወቂያው ላይ የተሳሳተ ዕድሜ ይዞ የሚዞር ሰው ግን አይስቅም። ዛሬ ብዙ የዓለም ፕሮግራሞች በሚጋሩት ሲኤልዲአር በተባለው የመረጃ ክምችት ውስጥ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሁለት ዓይነት ሆኖ ገብቷል፦ በዓመተ ምሕረትም በዓመተ ዓለምም። መሪጌታ ይህን ስነግራቸው በዓመተ ምሕረት አልተደነቁም፤ ዓመተ ዓለም መኖሩን ሲሰሙ ግን «ማን ነው የነገራቸው?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ሌላው የየዕለት ፈተናችን ስም ነው። አንድ ደንበኛ ኃይለ ሥላሴ ይባላል እንበል። የመጀመሪያው ፊደል ኃ፣ ኀ፣ ሀ፣ ሃ፣ ሐ ወይም ሓ ሊሆን ይችላል፤ ሥ ወይም ስ፤ ሴ ወይም ሤ፤ ሁለቱ ቃላት ተለያይተው ወይም ተገጥመው። ስድስት በሁለት፣ በሁለት፣ በሁለት ሲባዛ 48 ነው። አንድ ሰው 48 ዓይነት ይጻፋል፤ ለኮምፒዩተሩ 48 ሰው ነው። ባንክ ቤት መስኮት ላይ «የሉም» የሚባሉት ሰውዬ በሌላ ሐ ተመዝግበው ይሆናል። አንዳንድ ባለሙያ መፍትሔው ፊደሉን መቀነስ ነው ይላል። እኔ አልስማማም። የሰውን ስም የጻፈበትን መንገድ መንካት የእኛ ሥልጣን አይደለም። ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጥ፤ ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ሞክሼ ፊደላቱ ወደ አንድ የተሰበሰቡበት ቅጂ በስውር ይያዝ። ፈላጊው በየትኛውም ፊደል ቢጽፍ ያገኘዋል፤ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ግን ባለቤቱ የጻፈው ነው። ይህን ስብሰባ ላይ ለማሳመን የወሰደብኝ ጊዜ ኮዱን ለመጻፍ ከወሰደብኝ ይበልጣል።

እንግዲህ ወደ መሪጌታ ጥያቄ። ማን ነገራቸው? በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ፊደላችንን ኮምፒዩተር ላይ ማስገባት ጀመሩ። ፍስሐ አጥላው ዳሸን ኢንጂነሪንግን መሥርተው፣ ዶክተር አበራ ሞላም በራሳቸው መንገድ የአማርኛ መጻፊያ ሠርተዋል። ዶክተር አበራ በሙያቸው የእንስሳት ሕክምና ሳይንቲስት መሆናቸውን ወጣቶች አያውቁም፤ ሶፍትዌር የሚሠራው ሶፍትዌር የተማረ ብቻ ነው ለሚለኝ ሁሉ እሳቸውን እጠራለሁ። ቀጥሎ አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ እያለ ብዙ መጻፊያ መጣ። ሁሉም ፊደሉን በየራሱ ቁጥር ስላስቀመጠ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ቁልል ይሆናል። የ1990ዎቹን ፈቃድና ሰርኩላር ዛሬ ለመክፈት የሞከረ ያውቀዋል።

ከዚህ ያወጣን ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ሠንጠረዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትሙ የኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን ይዞ ገባ፤ ከሀ እስከ ፐ፣ ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ፣ እንዲሁም ከ፩ ጀምሮ ያሉት ሃያ የግዕዝ አኃዞች። በዚህ ዘርፍ ለረጅም ዓመታት የለፋው ዳንኤል ያዕቆብ ነው፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከይትና ፍርድይወቅ ጋር ሴራ የተባለውን፣ አማርኛን በላቲን ፊደል አስማምቶ መላላኪያ ዘዴ አስተዋውቋል። በ2005 እ.ኤ.አ. ተጨማሪ ፊደላት ገቡ፤ በ2007 ደግሞ ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን የኢትዮጵያ ፊደል ቅርጽ (ፎንት) ይዞ ወጣ። ዛሬ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ዝርዝሩን በ፩፣ ፪፣ ፫ ቁጠርልኝ ብሎ በአንድ መስመር ማዘዝ ይችላል።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ኮዱ ትንሹ ክፍል ነው። ዩኒኮድ ላይ አንድ ፊደል ለማስገባት ሰነድ ይጻፋል፣ ማስረጃ ይቀርባል፣ ኮሚቴ ይጠይቃል፣ ይሟገታል፤ ዓመታት ይፈጃል። የሚያሳምን ሰው ባይኖር ኖሮ ምርጡ ፕሮግራም ከአንድ ሰው ኮምፒዩተር አያልፍም ነበር። ወጣት መሐንዲሶች ስለ ንግግር ምክር ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የምነግራቸው ይህን ነው፤ መድረክ ላይ መውጣት የዝና ጉዳይ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

በእርግጥ መናገር ዋጋ ያስከፍላል። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባር ተመራማሪ ናት። በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ስለ ግዙፍ የቋንቋ ሞዴሎች አደጋ በጻፈችው ጥናት ሰበብ ከጉግል ጋር ተለያየች፤ በዓመቱ ዴር የተባለ የራሷን የምርምር ተቋም አቋቋመች። ጉዳዩ ከእኛም ይዛመዳል። ዛሬ ጽሑፍ የሚያመነጩት ሞዴሎች አማርኛን ሲያነቡ ቃሉን ከእንግሊዝኛው ይበልጥ በብዙ ቁርጥራጭ ይበታትኑታል፤ ተጠቃሚው ደግሞ የሚከፍለው በቁርጥራጭ ልክ ነው። ከ70ው ፊደል የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም።

እኔ የምናገረው በአማርኛ ነው። መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ አዳራሹ በእንግሊዝኛ ይጠብቀኝ ነበር፤ የሚናገረውም የሚሰማውም አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ሁለቱም በሰው ልብስ ይቆማሉ። ጥያቄ ሲፈቀድ ማንም አይነሣም፣ ሻይ ላይ ግን ሁሉም በአማርኛ ይጠይቃል። ሰለሞን ካሳ በኢቢኤስ ቴሌቪዥን «ቴክቶክ» ሲል ቴክኖሎጂን ሳሎን ድረስ ያስገባው በአማርኛ ስለሆነ ነው፤ አባቶችና እናቶች ሳይቀሩ የሚያዩት ለዚህ ይመስለኛል። ሰርቨርን ሰርቨር፣ ኮድን ኮድ እላለሁ፤ አዲስ ቃል በመፍጠር አልደክምም። አንድ ጊዜ ምን እንደሚሠራ በምሳሌ ካሳየሁ አድማጩ ራሱ ይጠቀምበታል።

አገሬ ያሉ ልጆች «እኛስ ከላሊበላ ሆነን መሥራት አንችልም ወይ?» ይላሉ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ደረሰ፤ እንግዳ ጠፋ፣ አስጎብኚውም ጫማ ጠባቂውም ሥራ ፈታ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆየ። ኢንተርኔት በሌለበት ለሩቅ አገር ደንበኛ ኮድ ልጻፍ የሚል ሰው ሊኖር አይችልም፤ ልጆቹን በባዶ ተስፋ አልሞላቸውም። ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ የመማሪያ ፕሮግራሞችን በፍላሽ ጭኜ እወስድላቸዋለሁ። እና አንድ ነገር አሳስባቸዋለሁ፦ የተማራችሁትን ለታናሽ ወንድማችሁ አስረዱት፤ ካልገባው ገና እናንተም አልገባችሁም። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሳደርግ ጎበዝ ሆነው ዕድሉ ያለፋቸው ልጆች አሉ፤ የሠሩትን መናገር አቅቷቸው ነው።

የመጨረሻው የማታ ሥራዬ ዜማ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የደነገጓቸው የዜማ ምልክቶች ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ አሉ፤ አጭር ርክርክና ደረት ሂደት ተጨምረው አሥር ይሆናሉ። ከእነዚህ በላይ ግን በድጓ መጻሕፍት ከመስመሩ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፉ ብዙ ምልክቶች አሉ። ፊደሎቹ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ቢኖሩም በትክክለኛው ቃል ራስ ላይ ቆመው እንዲቀሩ ማድረግ ሌላ ጣጣ ነው። መስመሩ ሲሞላና ቃሉ ወደ ታች ሲወርድ ምልክቱ ላይ ይቀራል፣ ወይም ጎረቤት ቃል ላይ ይቀመጣል። የሞከርኩትን በወረቀት አትሜ ለመሪጌታ እሰጣለሁ፤ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ ያዜሙታል። ዜማው በተሰናከለበት ላይ ይቆማሉ። «ይህች ወደ ግራ ሄዳለች፤ ብራና ላይ እንዲህ አትሆንም» ይላሉ። እኔም ቀይ እስክሪብቶ አደርግበታለሁ።

የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ድርጅት ስለ ኢትዮጵያ ፊደል አቀማመጥ የሚያዘጋጀው ሰነድ አለ፤ አስተያየት ይቀበላል። ይህን ብነግራቸው መሪጌታ ወረቀቱን አጥፈው ከኪሳቸው ከተቱት።

«ስብሰባው መቼ ነው? እኔው ልንገራቸው» አሉ።

«በቪዲዮ ነው የኔታ፤ ኔትወርክ ከተገኘ።»

«ካልተገኘ ጽፈን እንልካለን። አንተ በእንግሊዝኛ ጻፈው፤ ምልክቱን እኔ እሥልልሃለሁ።»